አስተካካዩ መምህር ደመላሽና የዘኪያ ደወል

ፈጣሪ ለአንድ ሰፈር ውኃ ሊነፍገው ይችላል፤ መብራትም እንዲሁ። አንድ አስተካካይ ግን አይነፍገውም። አስተካካይ ማለት ጠጋኝ ማለት አይደለም። ጠጋኝ የተበላሸውን ይጠግናል፤ አስተካካይ ያልተበላሸውን ያስተካክላል። ሳይጠሩት ይመጣል፣ መነጽሩን ያወጣል፣ «እስቲ ወዲህ በሉት» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያ ዕቃ የቀድሞው ዕቃ አይሆንም።

ለመቐለዋ ሓድነት ሰፈር የደረሷት ሊቀ አስተካካይ መምህር ደመላሽ ነበሩ። የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው፤ ፊዚክስ ሊያስተምሩ መጥተው፣ ጡረታ ወጥተው እዚያው ቀሩ። በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመናቸው «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም ይባላል። ተማሪ የማይመልሱትን ሲጠይቃቸው፣ «ግሩም ጥያቄ! የቤት ሥራ ይሁናችሁ» ብለው የጠመኔውን ብናኝ ከእጃቸው እፍ ይሉ ነበር።

የሰፈሩን ዲሽ አስተካክለው ሰፈርተኛው ሳምንት ሙሉ የግመል እሽቅድምድም ሲያይ ከርሟል። የግቢውን የውኃ ታንከር መዝጊያ አስተካክለው፣ ከዓይናለም ጉድጓዶች ውኃ በመጣባት በዚያች አንዲት ቀን ታንከሩ ገንፍሎ ግቢው ኩሬ ሆኗል። የባለሚኒባሱን የኣረፋይነን የሌባ ደወል አስተካክለው፣ መኪናዋ ፍየል ባለፈ ቁጥር ስትጮኽ ኖራለች። «በጃኻ፣ እባክህ መምህር፣» ይል ነበር ኣረፋይነ የመኪናውን በር በጀርባው ከልሎ፣ «ከፈለግህ ሚስቴን አስተካክላት፤ ማኪናዬን ግን አትንካት!»

ዘኪያ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው የጠራቻቸው። ዘኪያ የወሎ ልጅ ናት፤ ሻርፕና ጀለቢያ እየነገደች ሓድነት ሃያ ዓመት የኖረች፣ ስኳር ያለባት፣ ኢንሱሊን የምትወጋ። ልጇ ሀፊሳ ከጅዳ አንድ መሣሪያ ላከችላት። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ክንድ ላይ ትለጠፋለች፤ መዳፍ የሚሞላ ማሳያ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የደም ስኳርን በቁጥር ያሳያል። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ ይደውላል፤ ከልክ ሲወርድም ይደውላል። ልኩን የሚወስነው ግን ሰው ነው። ይህን ሲሰሙ የመምህር ዓይን በራ።

«መመሪያው አብሮት መጥቷል» አለች ዘኪያ።

«መመሪያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው።»

የላይኛውን ደወል መቶ አርባ ላይ አደረጉት፤ «ለዲሲፕሊን!» ብለው። ድምፁንም ከሁሉ የሚጮኸውን መረጡላት። በነጋታው ዘኪያ ምሳዋን በልታ ሻይዋን ሳትጨርስ መሣሪያው ሱቁን አናጋው። ሻርፕ ትለካ የነበረች ደንበኛ ሻርፑን ወርውራ፣ «ወላሂ አልሰረቅኩም!» እያለች ወጣች። መምህር ሦስት ሳምንት ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙ። በመጨረሻ ሐኪሟ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት፦ ከላይ ሁለት መቶ ኀምሳ፣ ከታች ሰባ። «እኔም ወደዚሁ እየሄድኩ ነበር» አሉ መምህር።

ከዚያ ረመዳን ገባ፤ የ2010ሩ። ሐኪሟ፣ «መጾም የለም! ኢንሱሊን ወስደሽ ስኳርሽ ከወረደ እሱቅሽ ውስጥ ወድቀሽ ትቀሪያለሽ» ብላታለች። ዘኪያ ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ረመዳንን በልታ አታውቅም። ለማንም ሳትናገር ጾመች። በሦስተኛው ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ መሣሪያው ጮኸ። ስልሳ ስምንት። ከሻርፕ ክምር ሥር ቀበረችው። ከክምሩ ሥርም ጮኸ። ብትቸገር መምህርን ደውላ ጠራቻቸው።

«ይቺን የታችኛዋን ደወል ያጥፉልኝ፣ መምህር። ለመግሪብ፣ ለማፍጠሪያዬ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ጾመሻል?»

«ያጥፉልኝ አልኩ እንጂ ይስበኩኝ አልኩ?»

መነጽራቸውን አወጡ። «እስቲ ወዲህ በይው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። ነካኩት። ዘኪያ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ታያለች፤ ፊቷን ላብ አጥምቆታል። የደወሎቹ ገጽ መጣች። የላይኛውን ደወል ሃያ ጊዜ ሲያጠፉና ሲያበሩ አይታለች፤ የታችኛዋም ማጥፊያ ከሥሩ ናት። አንድ መንካት ብቻ ነው የቀራት። ጣታቸው ከላይዋ ሄዳ ቆመች። እዚያው ቆየች።

«አላውቅም» አሉ መምህር ደመላሽ።

«ምን?»

«እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም። ይኸው ነው።»

ኣረፋይነ በደጅ ሲያልፍ ሰምቶ በበሩ አንገቱን አስገባ። «ወይ ጉድ! ሎሚ ደኣ በረድ ክዘንብ እዩ!» አለ። ዛሬስ በረዶ ሳይዘንብ አያድርም ማለቱ ነው።

መሣሪያው ደገመ። ስልሳ አንድ።

«እኔ የማውቃት ማጥፊያ አንዲት ናት» አሉና መምህር ከኮታቸው ኪስ በድሮ የፈተና ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ሦስት ፍሬ ተምር። ወረቀቱ ታሽቶ ታሽቶ ጨርቅ መስሏል፤ ጾሙ ከገባ ጀምሮ በኪሳቸው ሲዞር እንደ ነበር ያስታውቃል።

ዘኪያ ተምሩን አየች። እሳቸውን አየች። ሠላሳ አራት ዓመት የጠበቁትን ክብር በኣረፋይነ ፊት ጥለውት ቆመዋል። «ቢስሚላህ» አለችና ጎረሰች፤ ዓይኗንም በሚሸጥ ሻርፕ ጫፍ ጠረገች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ማሳያው ዘጠና ሁለት አለ።

«ማለፊያ» አሉ መምህር፣ ውጤት እንደሚሰጥ ሰው።

በሕመም መጾም ያልቻለ ሰው ስለ እያንዳንዷ ቀን አንድ ድሀ ያበላል። ዘኪያም ከማግሥቱ ጀምራ ወደ መስጊዱ በር ምግብ ትልክ ጀመር። ከዚያው ላይ አንድ ሳህን የምስር ሳምቡሳ በየቀኑ ወደ መምህር ቤት ይታጠፋል። ሀፊሳ በስልክ ይህን ሰምታ፣ «እማ፣ እሳቸው እኮ ጡረታ አላቸው! የምን ድሀ ናቸው?» አለቻት።

«የዕውቀት» አለች ዘኪያ። «ምስኪን! አንዲት ደወል ማጥፋት እንኳ አያውቁም።»