ከፍሎ የሚሸነፈው ጎረቤቴ

ነፃ ነገር የሚጠየፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ አለኝ፤ ጎረቤቴ ሳሚ። በአሮጌው ኮምፒውተሬ ከሰው ጋር በኢንተርኔት ነፃ ጌም ስጫወት ባየኝ ቁጥር ከልቡ ያዝንልኛል።

«ነፃውን ማንም ዘው ይልበታል» ይለኛል። «እኔ ለጌም ማጫወቻ ኮንሶሌ በየወሩ የምከፍለው ከጨዋ ሰው ጋር ለመጋጠም ነው።»

የሳሚ ታላቁ የኢንተርኔት ኳስ ግጥሚያ እሁድ ረፋድ ላይ ሆነ። ብሎካችን ውስጥ ምድጃ ሲበዛ መብራት ይጠፋል። ስለዚህ ሳሚ በየበሩ እያንኳኳ ምድጃ ሁሉ አስጠፋ። ታች ቤት ያሉት እትዬ አስካለ እንኳ ምስር ወጣቸውን ሳይበስል አውርደው ጠበቁት። እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ?

ኢንተርኔቱ ግን ከፋይና ነፃ አይለይም። አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ፤ ሥዕሉ ቀጥ ይላል፤ ሲንቀሳቀስ ኳሷ የሳሚ መረብ ውስጥ ናት። አምስት ለዜሮ!

እትዬ አስካለ ደረጃው ላይ ጠበቁን። «አሸነፍክልን?»

«ተሸነፍኩ፣ እትዬ» አለ ሳሚ፣ ደረቱን ነፍቶ። ወደ እኔ እያመለከተ ጨመረበት፤ «ግን እንደሱ በነፃ አይደለም፤ ከፍዬ ነው!»

«ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ። «በነፃ የተራብነው እኛ ነን በለኛ።»