የብረቱ መንገድ በማን ርስት አለፈ?

አንዲት ዳማ በቅሎ። ነገሩ ሁሉ የተያዘው በእሷ ነበር። «አንዲት በቅሎ ምን አላት?» የሚል አንባቢ ካለ፣ እህል በትከሻው ተሸክሞ የእብናትን ዳገት ያልወጣ ሰው ነውና አልቀየመውም። እኔ ወጥቻለሁ። ደብረ ታቦር ገበያ ስወጣ ስወርድ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ጥቂት አሞሌ ጨው እያስቀረሁ፣ ሆዴን እየበደልኩ የገዛኋት ናት። እሷን ማጣት ወደ ትከሻዬ መመለስ ነበር።

ሰው ሀብቱን ከሌባና ከጅብ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ከገዛ አፉ የሚጠብቅ ግን ጥቂት ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱን አውቀው ነበር። ማወቅና መጠቀም ግን ዝምድና የላቸውም።

ጊዜው ንጉሡ ደብረ ታቦር ተቀምጠው፣ እዚያው አጠገብ ጋፋት ላይ ፈረንጆች ብረት የሚያቀልጡላቸው፣ የሠረገላ መንገድም በየተራራው የሚያስቆርጡበት ዘመን ነው። እኔና የንግድ ባልንጀራዬ ደምሌ ለሠራተኞቹ ገብስ ልናደርስ ሄድን። ደምሌን እወቁልኝ፤ ሁለት አህዮች ያሉት፣ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን፣ ሰማይ ተቀደደ ቢሉት መርፌና ክር ይዞ የሚነሳ ሰው ነው።

አንድ ጢማም ፈረንጅ አንጥረኛ መንኮራኩር ሲያበጅ አገኘነው። አማርኛው ባይጣፍጥም ይገባል። «ይህን ጉና ላይ ልታወጣው ነው?» ብዬ አፌዝኩበት። አልተቆጣም። ይልቅ በጎረምሳነቱ እንግሊዝ አገር የሠራበትን ነገር ያጫውተን ጀመር።

ሠራሁበት ባለው አውራጃ ከሰል ከኮረብታ ሥር ይቆፈራል፤ መርከብ የሚቆምበት ወንዝ ግን ሩቅ ነው። በጭቃው መንገድ በፈረስና በአህያ ተጭኖ እስኪደርስ የጫኙ ዋጋ ከከሰሉ ዋጋ ይበልጣል። በመጨረሻ ያገሩ ነጋዴዎች እንደ ማኅበርተኛ ተሰብስበው ገንዘብ አዋጡ፤ ከጉድጓዱ እስከ ወንዙም ጎን ለጎን ሁለት ብረት አጋደሙ። በጭቃው አንድ ሠረገላ ያቃተው ፈረስ፣ በብረቱ ላይ ብዙ ሠረገላ አስከትሎ ሄደ። በከተማው ድሃ እንኳ ከሰል ገዝቶ ይሞቅ ጀመር።

እስከዚህ አመንኩ። እንዲያውም ቀናሁ። ገንዘብ ለገንዘብ አጋብተው መንገድ ወለዱ! እኛ ነጋዴዎች ስንገናኝ የምንወልደው ጠብ ነው።

«ኋላ ፈረሱንም ተውነው» አለ አንጥረኛው። «በትልቅ የብረት ጋን ውኃ አፈላን፤ እንፋሎቱ ሠረገላውን ይጎትት ጀመር።»

ሳቅሁ። «በጎመን ወጥ የሚሄደውስ የታለ?»

«አለ ካለ፣ አለ» አለ ደምሌ።

«የለም!»

«አለ! ሁለቱን አህዮቼን ለውርርድ አግብቻለሁ!»

«በቅሎዬን አግብቻለሁ!»

ይኸው ነው። አፋፍ ደረስኩ።

የዚያን ጊዜ ደንብ ታውቃላችሁ፤ የተወራረዱ ሰዎች ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ አላፊውን «በዳኛ አምላክ!» ብለው ያስቆሙታል፤ እሱም ቸኩያለሁ ሳይል ተቀምጦ ይፈርዳል። እኛም እዚያው አንጥረኛው ከሚሠራበት ደጅ ተቋጥረን ቆምን። ከተጣላችሁት ሰው ጋር ተቋጥሮ መቆም ከባድ ነው፤ ደምሌ ባነጠሰ ቁጥር እኔ እጎተታለሁ። የደረሱልን አባ ገረመው የሚባሉ የጉና ሽማግሌ ነበሩ። ጉልበታቸውን ወንዛዬ ፍል ውኃ ነክረው ሲመለሱ ነው። ሌላው ሰው ጥርሱን በሥጋ ይጨርሳል፤ እሳቸው ከአጎታቸው ልጆች ጋር በርስት ሙግት ጨርሰዋል።

ነገሩን ሰምተው «አይታችሁታል?» አሉን።

«አላየንም፣ አባቴ።»

«አንዱ ያላየውን አለ፣ አንዱ ያላየውን የለም! ጎበዞች!» አሉና ወደ አንጥረኛው ዞሩ። «አንተ ፈረንጅ፣ እሳቱንና ውኃውን ተወው፤ አላውቀውም። መንገዱ በማን ርስት አለፈ?»

ፈረንጁ መዶሻውን አስቀመጠ። በረጅሙ ተነፈሰ። የቆየ ቁስል እንደተነካበት ሰው ፊቱ ጠቆረ።

«እሱንስ አያንሱብኝ» አለ። «አንድ ትልቅ ባላባት ቀበሮዎቼ የሚያድሩበትን ጫካ አታቋርጡም ብሎ ከለከለን።»

«ቀበሮ ያረባል?»

«ሊያባርረው።»

«ይበላዋል?»

«አይበላውም።»

አባ ገረመው አማተቡ። «ቀጥል።»

ቀጠለ። መንገድ ለኪዎቹን ገበሬው በውሻና በመንሽ አባረራቸው። ባላባቱ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ተደብቀው ለኩ፤ («በሰንበት!» አሉ ሽማግሌው።) አንዲት ባልቴት ለላሞቼ ማለፊያ በር ካልሠራችሁ ብላ አሠራች። ሁለት ወንድማማቾች ርስታቸውን ስላልተካፈሉ ክርክራቸው እስኪያልቅ ተጠበቀ። የአገሩ ሸንጎ የነጋዴዎቹን ልመና አንዴ ጥሎ ነው ኋላ የፈቀደላቸው። እንደ ጦር ቀጥ ሊል የታሰበው መንገድ በቀበሮው ጫካ ዞሮ፣ በባልቴቷ ማሳ ተጣሞ፣ እንደ እባብ ሆኖ ወንዙ ደረሰ። «እስከ ዛሬም ይሠራል» አለ።

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ያገራቸውን ሰው ያገኙ ይመስል ነበር።

«ውሸት ቢሆን ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር» አሉ። «ውሸታም ለቀበሮ ብሎ አይዞርም። መንገዱ እውነት ነው፤ ጋኑንም አምኜዋለሁ። በቅሎዋን ስጥ።»

«በቅሎ አልኩ እንጂ ኮርቻ አላልኩም» አልኩ።

«ይህም እውነት ነው። ኮርቻህን ውሰድ።»

ደምሌ በቅሎዋን ይዞ፣ እኔ ኮርቻዬን በትከሻዬ ተሸክሜ እብናት ገባን። ያየኝ ሁሉ በቅሎዋ ወዴት እንደሄደች ጠየቀኝ። ከኋላ እየመጣች ነው አልኩ፤ ሐሰትም አልነበረም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ የእንግሊዝ ጦር በንጉሡ ላይ መጣ። ከባሕር ዳርቻው የተመለሰ አንድ የጨው ነጋዴ ያየውን አወራኝ፦ ጦሩ ስንቁን ከመርከብ ወደ በረሃው የሚያጓጉዝበት የብረት መንገድ አጋድሟል፤ ሠረገላውን የሚጎትተውም ውኃ የሚያፈላ፣ ጢስ የሚተፋ ጋን ነው።

«በማን ርስት?» አልኩት።

«ማንን ሊጠይቁ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልቤ ዘለለች። በአባ ገረመው ሕግ ይህ መንገድ ውሸት ነው! ጉና ወጥቼ ይግባኝ አልኩ። አርጅተው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ነበር።

«የት ነው መንገዱ?» አሉ።

«ጦሩ ሲመለስ ነቅለው ወሰዱት፣ አባቴ።»

«የቀበሮውስ?»

አንጥረኛው እስከ ዛሬ ይሠራል ማለቱ ትዝ አለኝ። ልዋሽ አሰብኩ፤ ዓይናቸውን ፈራሁ። «እዚያው አለ» አልኩ።

«እንግዲህ በቅሎዋ የደምሌ ናት።»

ስመለስ ደምሌ ቤት ጎራ አልኩ። በየበዓሉ የሰው ኮርቻ መዋስ ሰልችቶት ኖሮ፣ የእኔን በአንዷ አህያው ለወጠኝ።

ሒሳቡ ይኸው። የወጣ፣ አንዲት በቅሎና አንድ ኮርቻ። የገባ፣ አንዲት አህያና አንድ ጥያቄ። አህያዋ ከሞተች ቆየች። ጥያቄውን ግን አዲስ መንገድ ላወጣ ነው የሚል ሹም በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ሁሉም ይመልሱልኛል። ከመመለሱ በፊት በረጅሙ የተነፈሰ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።