የአሥር ሰዓት እንግዶች

እትዬ ዲዮሊንዳ ሎሚውን በስሱ እየቆረጡ ጆጉ ውስጥ ይጨምሩ ነበር። ውሃው ላይ በረዶ አከሉበት፤ ብርጭቆዎቹን በፎጣ አበሱ፤ ከዚያ ከጓዳ ወንበር ማውጣት ጀመሩ። አንዱን ከመስኮቱ ሥር፣ አንዱን ከሶፋው ጎን፣ ባለ መደገፊያውን ደግሞ ከኤሲው ፊት ለፊት አስቀመጡ። ከኤሲው ፊት ለፊት ያለው የሊቀመንበሩ ነው። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም፤ ነገር ግን ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ ቅዝቃዜንም ቢሆን የሚካፈለው በማዕረግ ነው።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው።

የዚህ ጎዳና ሰዎች አብዛኞቹ አባቶቻቸው ከአሶሬስ ደሴቶች ወደዚህ የካሊፎርኒያ ሸለቆ ላም ሊያልቡ የመጡ ናቸው። አባቶቻቸው ላሟ በምትታለብበት ሰዓት ይኖሩ ነበር፤ ልጆቻቸው የሚኖሩት የመብራት ድርጅቱ ባወጣው ሰዓት ነው። ይህ እድገት ይባላል። ድርጅቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት የመብራትን ዋጋ ሰማይ ይሰቅለዋል፤ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ኤሲውን የሚከፍተው ያኔ ነውና። ጣሪያው ላይ ሶላር ያስተከለ ሰው ደግሞ በእነዚያ ሰዓቶች ሳይጠቀምበት ወደ መስመሩ የመለሰው መብራት በዚያው በውዱ ዋጋ ይታሰብለታል። የሚታሰብለት ግን በጥሬ ገንዘብ አይደለም፤ በክሬዲት ነው። ክሬዲት አይበላም፣ አይጠጣም፣ ኪስ ውስጥ አይገባም። ስልክ ላይ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ሲያድግም ያስደስታል።

በመሆኑም የጎዳናው አስተዋይ ቤተሰቦች አሥር ሰዓት ሲሞላ ኤሲ ያጠፋሉ፣ መጋረጃ ይዘጋሉ፣ ኦቨን አይነኩም፤ ፍሪጅ የሚከፈተው አጥጋቢ ምክንያት ሲቀርብ ብቻ ነው። ሐምሌ ነው፤ የሸለቆው ሙቀት ከአርባ ዲግሪ አልፏል። ይሁን እንጂ ታላቅ ዓላማ ያለው ሰው ላቡን አይቆጥርም። ላቡ ከዓላማው የበለጠ እንደሆነ ደግሞ ተነስቶ እትዬ ዲዮሊንዳ ቤት ይሄዳል።

እትዬ ዲዮሊንዳ ሶላር የላቸውም። የሚከፍሉትም በድሮው ውል፣ ሰዓት በማይመርጠው ታሪፍ ነው። ስለዚህ ኤሲያቸው ጠዋትም ማታም ይሠራል፤ እርሳቸውም በጎዳናው ላይ በኋላቀርነት ይታወቃሉ።

በሩ ተንኳኳ።

«ደህና ዋሉ እትዬ? እንዲያው ደህንነትዎን ልጠይቅ ብዬ ነው» አሉ አቶ ቪርጂሊዮ፣ ከወተት ማኅበር በጡረታ የተገለሉት የጎዳናው የፀሐይ ኮሚቴ ሊቀመንበር። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። የእትዬ ዲዮሊንዳን ደህንነት ላለፉት ሦስት በጋዎች አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጠይቀዋል። ብርዱ ሲመጣ ግን ደህንነታቸው እምብዛም አያሳስብም።

ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፊሎሜና ኩፍ ያለ የጣፋጭ ዳቦ ሊጥ በፓትራ ተሸክመው ገቡ።

«ኦቨንዎ ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ብዬ እኮ ነው እትዬ።»

«ግቢ፣ ግቢ። ሞቆሻል።»

የኮሚቴው ጸሐፊ ኤሚዲዮ በመጨረሻ ደረሰ። ሁለት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ የሚስቱን ታብሌትና የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ባትሪ አቅፏል።

«እትዬ፣ ከሶፋው ኋላ ያለው ሶኬት ይሠራል?»

«ትናንት ስትሰካበት ይሠራ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ። ከኤሲው የሚመጣው አየር ሸሚዛቸውን እያርገበገበ አደረቀላቸው። የሎሚውን ውሃ ጠጡ፤ ዓይናቸውን ለጥቂት ጊዜ ጨፈኑ፤ ከዚያ ኃላፊነታቸው ትዝ አላቸው።

«እትዬ ዲዮሊንዳ፣ በግልጽ ልናገርና ይህ ቤት ብክነት ነው።»

«በረደህ እንዴ? ልቀንሰው?»

«አይ! አይንኩት!» ከወንበሩ ብድግ አሉ። «እኔ የምናገረው በመርህ ደረጃ ነው።»

«እሺ፤ በመርህ ደረጃ ከሆነ ይሁን።»

«ደግሞ የዛፉ ነገር አለ።»

እትዬ ዲዮሊንዳ ብርጭቆ መሙላታቸውን አቆሙ። ግቢያቸው ውስጥ ያለው አንድ ዛፍ ነው፤ ሟቹ ባለቤታቸው ቤላርሚኖ ቅርንጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ከደሴቱ በሻንጣ አምጥተው የተከሉት በለስ። አሁን ከሁለት ቤት ጣሪያ በላይ አድጓል። ጠዋት ጥላው በእትዬ ዲዮሊንዳ ጣሪያ ላይ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አጥሩን ተሻግሮ ከሊቀመንበሩ የሶላር ፓነሎች ሁለቱን ይሸፍናል። ያውም በውዱ ሰዓት።

«ሁለት ፓነል!» አሉ ሊቀመንበሩ ሁለት ጣታቸውን አንስተው። «እኔ ለራሴ ብዬ አይደለም። ሰው የሚለው ነገር አለ፤ የኮሚቴው ሊቀመንበር ራሱ ጥላ ውስጥ ነው እየተባለ ነው። ዛፉ ቢቆረጥ እኮ እርስዎም ሶላር ያስተክላሉ። ባለሙያው ያለዎትን አይረሱም።»

ባለሙያው አምና መጥቶ ጣሪያውን አይቶ ነበር። «ይህ ዛፍ እያለ እዚህ ጣሪያ ላይ ሶላር ማስተከል ገንዘብ መጣል ነው» ብሎ፣ ሁለት በለስ በልቶ ሄደ።

«ቤላርሚኖ ነው የተከለው» አሉ እትዬ ዲዮሊንዳ ቀስ ብለው።

«ነፍሳቸውን ይማር! ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ከጎናችን ይቆሙ ነበር።»

«ካንተ ጎን? ቤላርሚኖ እኮ አንተን ጨርሶ አይወድህም ነበር።»

ወይዘሮ ፊሎሜና ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ኤሚዲዮ ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለጉዳይዋ ገንቢ አስተያየት ሰጥተዋል» ብሎ ጻፈ።

ሦስት ሰዓት ሲሞላ እንግዶቹ እንደ ልማዳቸው ወሬያቸውን መሃል ላይ ጥለው ተነሱ። አሁን መብራት ረክሷል፤ በየቤቱ ኤሲው ተራ በተራ ማጓራት ጀመረ። ወይዘሮ ፊሎሜና የበሰለውን ዳቦ ይዘው፣ አንድ ቁራሽ ትተው ሄዱ።

እትዬ ዲዮሊንዳ ወንበሮቹን ሲመልሱ አንድ ነገር ከነከናቸው። ሦስት በጋ ሙሉ እነዚህ ሰዎች እዚህ ቤት ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ግን «ነገ እኛ ቤት ይምጡ» ብለዋቸው አያውቁም። ለምን እንደሆነ የገመቱት ራሳቸው ናቸው፤ ሶላር ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚገባበዙበት፣ ሶላር የሌለው የማይጠራበት አንድ ነገር ቢኖር ነው። ሰው ደግሞ በስተርጅናም ቢሆን እንግዳ መሆን ያምረዋል። ጥሩ ልብስ ለብሶ፣ የሰው በር አንኳኩቶ፣ «ግቡ፣ ሞቆዎታል» መባል ያምረዋል።

ሁለት ጠዋት በለሱ ሥር ተቀምጠው አሰቡ። ቅጠሉን ዳሰሱ። የወደቀውን ፍሬ ለቀሙ። ከዚያ ልባቸው እያዘነ ስልክ ደወሉ።

ሐሙስ ጠዋት ዛፍ ቆራጩ መጣ። ግንዱ ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ክብ ቀባና «ቅዳሜ በመጋዝ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

በዚያው ዕለት አሥር ሰዓት ላይ ሊቀመንበሩ አጥሩ ጋ ቆመው ቀዩን ክብ አዩት። ቤት የገቡት እየሮጡ ነው፤ ሚስታቸውና ኤሚዲዮም ተከተሏቸው።

«እትዬ! ቀለሙ...?»

«አዎ» አሉ እትዬ ዲዮሊንዳ። «ዛፉም ይቆረጣል፣ ሶላሩም ይተከላል። ዛፉ ከሄደማ ያን ሁሉ ፀሐይ ምን ላደርገው ነው? ባለሙያውንም ለሰኞ ቀጠርኩት። የድሮውንም ውል ሰርዘው በሰዓት እንዲያደርጉልኝ ነግሬያለሁ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራንና ክቡራት» አሉ ለሦስት ሰው። «ዛሬ ጎዳናችን መቶ በመቶ የሆነበት ቀን ነው። የመጨረሻዋ የኋላቀርነት ምሽግ በሰላም እጇን ሰጥታለች። ይህ ውጤት በአንድ ጀምበር የመጣ ሳይሆን፣ ኮሚቴው በዚህች ሳሎን ውስጥ ያለ ዕረፍት ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት...»

«ቆይ አንዴ» አሉ እትዬ ዲዮሊንዳ። ወረቀትና እርሳስ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደ አዲስ ተማሪ በርቷል። «ሥርዓቱን አስተምሩኝ። ሰኞ ከተተከለልኝ በኋላ፣ ልክ አሥር ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው?»

«መጀመሪያ» አሉ ሊቀመንበሩ በኩራት፣ «ኤሲ ይጠፋል።»

«ይጠፋል። እሺ። ከዚያስ?»

«መጋረጃ ይዘጋል» አለ ኤሚዲዮ።

«ኦቨንስ?»

«በጭራሽ!» አሉ ወይዘሮ ፊሎሜና። «ወደ ኦቨን አይታይም።»

«ሶኬቱም?»

«ምንም አይሰካም።»

እትዬ ዲዮሊንዳ ሁሉንም ጻፉ። «ከዚያ ቤቱ ይሞቃላ።»

«እንዴታ! እንደ እሳት ነው እንጂ!»

«ታዲያ ሲሞቅ የት ነው የሚኬደው?»

«እትዬ ዲዮሊንዳ ቤት ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ፊሎሜና ፈጠን ብለው።

«እትዬ ዲዮሊንዳ እኮ እኔ ነኝ።»

ሁሉም ወደ ኤሲው ቀና ብለው አዩት፤ በጠና የታመመ ዘመድ እንደሚታይ።

«እኔማ» አሉ እትዬ ዲዮሊንዳ፣ እርሳሳቸውን እንደያዙ፣ «ሶላር ካስተከልኩ እናንተ ወደምትጠራሩበት ቤት የምጠራ መስሎኝ ነበር። ሰኞ ማን ቤት ነን? ባዶ እጄን እንዳልመጣ ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ ኮሚቴውን ለአስቸኳይ ስብሰባ ወደ ወጥ ቤቱ ጠሩ። ወጥ ቤቱም ቢሆን የእትዬ ዲዮሊንዳ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው። በሩን ቢዘጉትም ድምፃቸው ይሰማል።

«ቤተ መጻሕፍቱስ?» አለ ኤሚዲዮ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ?»

«አምና ሶላር ያስተከልንላቸው እኛው ነን» አሉ ሊቀመንበሩ በተሰበረ ድምፅ። «ንግግር ያደረግኩትም እኔ ነኝ።»

«በየተራ እኛ ቤት እናድርገዋ! ሰኞ ኤሚዲዮ፣ ማክሰኞ እኛ...»

«ፊሎሜና፣ አብደሻል? በውዱ ሰዓት ኤሲ ከፍቼ? ክሬዲቴስ?»

«ክሬዲትህን ልበሰው እንግዲህ! ከነላብህ ልበሰው! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ ዳቦ ጋግሬ አላውቅም!»

ከዚያ የኤሚዲዮ ድምፅ፣ እንደሚጽፍ ሰው ቆም ቆም እያለ ተሰማ፦ «ዛፉ ካለ፣ ሶላር አይተከልም። ሶላር ካልተተከለ፣ ውሉ አይለወጥም። ውሉ ካልተለወጠ፣ ኤሲው አይጠፋም። ስለዚህ...»

«ሁለት ፓነል» አሉ ሊቀመንበሩ። ልጁን ወደ ጦር ሜዳ የሚሸኝ አባት ይመስሉ ነበር። «ሁለት ፓነል ልሰዋ ማለት ነው።»

ወጡ። ሊቀመንበሩ ከኤሲው ፊት ለፊት ቆሙ፤ አልተቀመጡም።

«እትዬ ዲዮሊንዳ፣ ኮሚቴው ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ በጥልቀት መርምሯል። በለሱ ቅርስ ነው። አባቶቻችን ከመጡበት አፈር የመጣ ሕያው ምስክር ነው። እሱን ለመቁረጥ የሚነሳ እጅ ካለ...» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ «መጀመሪያ እኔን ይቁረጥ።»

«ሰሞኑን ይቆረጥ ስትል የነበርከው አንተ አይደለህም?»

«ያኔ መረጃው አልተሟላም ነበር።»

«ሶላሩስ?»

«የእርስዎ ጣሪያ ለፀሐይ አልተፈጠረም እትዬ። ሁሉም ሰው ሶላር ካስተከለማ ሶላር የሌለው ሰው ማን ሊሆን ነው? ይህን ከባድ ኃላፊነት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ለእርስዎ ሰጥቷል። ዛፍ ቆራጩንም ባለሙያውንም አሁን እኔ ራሴ ደውዬ አስቀራቸዋለሁ። ውሉም ባለበት ይቆይ።»

እትዬ ዲዮሊንዳ ዛፉን በመስኮት አዩት። አፋቸውን በእጃቸው መዳፍ ይዘው ነበር። ከዚያ ዘወር አሉ።

«እኔ ታዲያ መቼ ነው የሰው ቤት የምጠራው?»

ሊቀመንበሩ ወለሉን አዩ። ኤሚዲዮ ባትሪውን አየ።

«እሑድ» አሉ ወይዘሮ ፊሎሜና። «እሑድ እኛ ቤት፣ ለምሳ። ቋሊማ እጠብስልዎታለሁ።»

ሊቀመንበሩ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አሰሉ። «በስድስት ሰዓት ከሆነ ይቻላል። ያኔ መብራቱም ርካሽ ነው።»

«እመጣለሁ። ኤሲውን ግን ትከፍታለህ» አሉ እትዬ ዲዮሊንዳ።

«ይ... ይከፈታል።»

«ያንን ቀይ ነገርም ሳይውል ሳያድር ከዛፌ ላይ ታነሳልኛለህ። አሁን።»

አቶ ቪርጂሊዮ ባልዲና ብሩሽ ተቀብለው ወጡ። ውጪው እንደ ምድጃ አፍ ይፋጃል። ክቡን ፈተጉት፤ ቀለሙ ወደ ታች ፈሰሰ፤ ደግመው ፈተጉት። ሚስታቸው በመስኮቱ መስታወት በኩል፣ የሎሚ ውሃ በእጃቸው ይዘው፣ በጣታቸው ያመለክቷቸዋል፦ ከታች ቀርቷል፤ ከጎን ቀርቷል። ከበላያቸው የበለሱ ጥላ አጥሩን ተሻግሮ፣ ሁለቱን ፓነሎች ቀስ እያለ ይሸፍናል። ሊቀመንበሩ ቀና ብለው አላዩትም። ግንዱ ጠርቶ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ ብሩሹን በቧንቧው ውሃ አጠቡት፣ ከባልዲው ጋር ከግድግዳው ሥር አስቀመጡት፤ ገቡና፣ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ፣ በሩን ቶሎ ዘጉት።