ቧንቧ የተሸከመው ጎረቤቴ

ሳክስፎን የሚነፋ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? ካልኖራችሁ እድለኞች ናችሁ። እኔ ኖሮኝ ነው የማወራው።

ወልድያ የተከራየሁበት ግቢ ሦስት ቤት አለው። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአከራያችን የእትዬ ጦይባ፣ አንዱ የሳምሶን። ሳምሶን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ያወልቅና በሩን በርግዶ ሳክስፎኑን ይነፋል። መጀመሪያ የነፋ ቀን እትዬ ጦይባ ወደ እኔ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ልጁ ምን ሆኖ ነው? ዘመድ የለውም?" አሉኝ። ኧረ ሙዚቃ ነው አልኳቸው። "እሱስ ይሁን፤ ሲያልቅ ንገሪኝ" ብለው ገቡ።

የሚነፋው ኢትዮ ጃዝ ነው። ስለ እሱ ከጠየቃችሁት አለቀላችሁ። እኔ አንድ ቀን ጠይቄው ወጤ አርሮብኛል። ጃዝን የፈጠሩት አሜሪካ ውስጥ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ልጆች ናቸው አለኝ። ወደኛ አገር የናስ መሣሪያ የገባው ለቤተ መንግሥትና ለጦር ሠራዊት ማርሽ ነበር። ኋላ አንድ የኛው ሰው ባሕር ማዶ ጃዙን ተምሮ መጣና እነ ትዝታን፣ እነ ባቲን፣ እነ አምባሰልን ከነሳክስፎን ጋር አጋባቸው። ዛሬ ይኸው ፈረንጆቹ ራሳቸው ቅኝታችንን ቁጭ ብለው ያጠናሉ።

"ገባሽ? ግማሹ እኮ የናንተ የወሎዎች ነው!" አለኝ፣ በእኔ ስንፍና የተደበቀ ይመስል።

አምባሰል ማለት ከውርጌሳ አለፍ ብሎ ያለ አገር ነው። እኔ ደግሞ የጎረቤቱ የመርሳ ልጅ ነኝ። ኩራቱ መጣብኝና አፌ አላስችል አለኝ። መርሳ ያሉት አጎቴ አያ ይመር ማሲንቆ ይመታሉ፤ አምባሰልን እንደሳቸው የሚያውቅ የለም አልኩት። ይህን ባልኩ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርን።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ሳምሶን የያዘውን ጥቁር ረጅም ሳጥን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሁላችንንም አስወረደን። ሳምሶን ሳጥኑን ከፈተው።

"ምንድን ነው?"

"ሳክስፎን።"

"ምን ይሠራል?"

"ይነፋል።"

"እስቲ ንፋው።"

ሳምሶን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነፋ። ከድንጋጤው የተነሳ ግማሹ ድምፅ ወጣ፣ ግማሹ ውስጡ ቀረ። ፈታሹ ትንሽ ታገሠና እጁን አንስቶ አስቆመው። "በቃ እለፍ። ግን ተለማመድ" አለው።

አያ ይመርን ያገኘናቸው ከቤታቸው ጓሮ ማንጎ ሥር ተቀምጠው ነው። ማሲንቆው ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል። ምን ሆኑ ብትሉ፣ ሴት ልጃቸው ሰዓዳ ልታገባ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ለሠርጉ የተያዘው ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ነው። ይያዝልኝ ያለችው ደግሞ ራሷ ሰዓዳ ናት፤ የባሏ ወገን ከተሜ ነው፣ ማሲንቆ ቢያዩ ይስቁብኛል ብላ። አያ ይመር በሰው ሠርግ ሁሉ ሲጫወቱ ኖረው በልጃቸው ሠርግ እንግዳ ሊሆኑ ነው። ማሲንቆውን ሰቀሉት፣ በቃ።

ሳምሶን ይህን አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ ኢትዮ ጃዝ ከፈተላቸው። አያ ይመር ጆሯቸውን ሰጥተው ብዙ አዳመጡ።

"ዘፋኙ አረፈደ እንዴ?" አሉ በመጨረሻ።

"ዘፋኝ የለውም፣ አባት።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ የሚጠብቁት ማንን ነው?"

ሳምሶን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። "ቆይ ቆይ። ይሄ አምባሰል አይደለም እንዴ? ማን ሰጠው?" ሳምሶን ደስታው ልቡን ሊያወጣው ደረሰ። ቤተ መንግሥቱን፣ ማርሹን፣ ባሕር ማዶውን ሁሉ ነገራቸው። ጨርሶ ሲተነፍስ አያ ይመር፣ "ካወቀውማ ምነው አጣመመው?" አሉ። አልተጣመመም፣ ይሄ ፈጠራ ነው አለ ሳምሶን። "ፈጠራ!" አሉና ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። የተቀየሙ መስሎኝ ደነገጥኩ። ማሲንቆውን ይዘው ወጡ። በንዴት ነው ያወረዱት፤ ለማረም!

አምባሰሉን አወረዱት። ሳምሶን አላስችል ብሎት ሳክስፎኑን አወጣና ተከተላቸው። አያ ይመር ሳይዞሩ እንዲህ አሉ፦

*ቧንቧ ተሸክሞ መጣ ከሸገር ድረስ፣*
*ውሃ የለው ነገር ንፋስ ብቻ ሲያፈስ።*

የሰፈሩ ሰው አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሳምሶን መሰደቡ ገብቶታል። በሳክስፎኑ የአህያ ሳቅ የመሰለ ነገር መለሰላቸው። ሰዉ በሳቅ ወደቀ፤ አያ ይመርም ጥርሳቸው ታየ። ሌላ ስድብ ጨመሩ፣ እሱም መለሰ። ኋላ ስጠይቀው፣ "ጃዝ ማለት እኮ ይኸው ነው፤ እዚያው ፈጥሮ እዚያው መመለስ" አለኝ። እኔ ግን ያኔ የማየው ሰዓዳን ነበር። በሩ ላይ ቆማለች። አያ ይመር ቀና ብለው አዩዋትና ድምፃቸው ተለወጠ፦

*ልጄን ላገር ሰጠሁ እሰይ ደስ ይበለኝ፣*
*ደስታዬን ለመንገር ምላስ ነው የሌለኝ።*

ሰዓዳ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሻሿን ዓይኗ ላይ አደረገች። "አባ" አለች፣ "ሠርጌ ላይም እንዲህ ይሳደባሉ?"

"ከፈቀድሽልኝ።"

"የባሌን አጎቶች እንዳይረሱብኝ እንግዲያው።" ወጥታ ለኪቦርዱ ሰው ደውላ እንዳይመጣ ነገረችው።

በሠርጉ ቀን አያ ይመርና ሳምሶን ጎን ለጎን ተቀመጡ። የባሏ አጎቶች ስድባቸውን ሲቀበሉ ዋሉ፤ ያልተሰደበ እንዲያውም አኮረፈ። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሳምሶን ብቻውን መንፋት ከጀመረ አያቆምም። ምሳ ቀርቦ ሽማግሌዎቹ ለዱዓ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። የሙሽራው እናት በመጨረሻ ጠጋ ብለው ትከሻውን ነካ አደረጉትና፣ "የኔ ልጅ፣ ወጡ ቀዘቀዘ" አሉት።

ከዚያ ወዲህ መርሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ማሲንቆና ሳክስፎን ያልተጣመሩበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። ሳምሶን ቅዳሜና እሑድ ቤቱ አይገኝም።

ባለፈው ወር ከመርሳ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ አዛውንት አጠገባችን ተቀመጡ። የሳክስፎኑን ሳጥን አይተው ስለ ጃዝ ያጫውቱን ጀመር። ጃዝ መቼም የአያት የቅድመ አያታችን ነው አሉን። እዚሁ መርሳ ነው የተጀመረው። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ መጥቶ ከአያ ይመር እግር ሥር ተምሮ ሄደ፣ ከዚያ ፈረንጆቹም ሰሙ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዓለሙን አዳረሰ።

እኔ ላርማቸው አፌን ስከፍት ሳምሶን ክንዴን ያዘኝ። ቦርሳውን ፈታ፣ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፣ እስክሪብቶውን ከፈተ።

"ይቀጥሉ፣ አባት" አላቸው። "ስምዎን ማን ብዬ ልጻፍ?"