አቶ አምባቸውና የብልሽቶች መዝገብ

ነገር ከመጠገኑ በፊት ስሙ ይታረም የሚል ሰው የሌለበት ከተማ የለም። የመካነ ሰላሙ፣ ክቡር አቶ አምባቸው ናቸው፤ ጡረተኛ የመገናኛ ቴክኒሺያን። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች በአንድ ረጅም ገመድ ያስተሳሰሩት እሳቸው ናቸው። ዘመኑ ያንን ገመድ ትቶታል፤ እሳቸው ግን አልተዉትም።

«ገመድ በግ ማሰሪያ ነው» ይላሉ። «ይህ ኮአክሲያል ነው።»

«ኔት ጠፋ» ያላቸውን «ኢተርኔት ነው ኢንተርኔት? የቤቱ መስመር ነው የዓለሙ? ለይተህ ተናገር» ብለው ይመልሱታል። የእድሩ ስብሰባ ሲንጫጫ ቶከን ሪንግ ስለሚባል የኮምፒውተሮች መስመር አስረዱ፤ በዚያ ሥርዓት ተራው ያልደረሰ ማሽን ትንፍሽ አይልም። ከዚያም «ከዘራዬን ያልያዘ አይናገር» ብለው ደነገጉ። ከዘራው ዞሮ እጃቸው ሲገባ ግን ለአንድ ሰዓት አልወጣም።

ከሁሉ የሚከብደው መዝገባቸው ነው። ብልሽቱን በትክክለኛ ስሙ ያልመዘገበ ሰው ማሽን አይነካለትም።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጅዳ የተመለሰችው ነሲባ የሥራ ማመልከቻዋን ልታትም መጣች። ምዝገባው አቀስታ ከተማ ነው፤ የሚዘጋውም በዚያው ቀን። ወደዚያ የሚሄደው ሚኒባስ ሊነሣ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል።

«ጋሼ፣ ስድስቱም ደንዝዘዋል።»

«መዝገቡ ላይ ጻፊ።»

«ምን ብዬ?»

«ስሙን።»

«ስሙን ባውቅ እርስዎን ምን አስጠራኝ?» አለች። «ወላሂ ጋሼ፣ አራት ዓመት የሰው ቤት ሳጥብ ኖሬ ነው የመጣሁት። ይቺ ካመለጠችኝ ወደዚያው ቤት መመለሴ ነው። ከገመዱ ጫፍ ያለችው ትንሿ ቆብ ወልቃ ወድቃለች፤ እሷ ትሆን?»

«ቆብ» ስትል፣ እዚያው ጥግ ተቀምጬ ከማነበው መጽሐፍ ቀና አልኩ። የመስመሩ ጫፍ ካልተዘጋ መስመሩ ሁሉ እንደሚሞት መቶ ጊዜ አስተምረውናል፤ የዕቃዋ ስም ተርሚኔተር መሆኑንም እንዲሁ። «ቆብ» ብሎ የመዘገበ አንድ መምህር ሳምንት ሙሉ ያለ አገልግሎት ቀርቷል።

አቶ አምባቸው ተንበርክከው ከወንበር ሥር ለቀሟት፤ ገጠሟት። ማተሚያው አጓራ።

«በይ ሩጪ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያም መዝገቡን ወደ ራሳቸው ስበው ጻፉ።

እሷ ስትወጣ መዝገቡን ገልጬ አየሁ። በራሳቸው የተስተካከለ ጽሕፈት «የብልሽቱ ስም፦ የቆብ መውለቅ» ይላል።

ስህተት መታረም አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ያችን መስመር ለማረም ብዕር የሚያወጣ ቢኖር ግን፣ መዝገቡን ከእጁ የምነጥቀው እኔ ነኝ።