ቀጭ የሚለው ሽጉጥ

ዱዌን፦ እኔማ ጣቴን ላሳልፍባቸው ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን አልኩ?

ቨርጂል፦ ጣትህን ኪስህ ክተት! ሽጉጤ እዚህ ታሞ ተኝቷል፣ አንተ እዚያ ጥይት ልታሻሽልኝ ነው።

ዱዌን፦ ጥይቶቹ እኮ…

ቨርጂል፦ ጥይቶቹን የሞላሁ ማነኝ?

ዱዌን፦ አንተ።

ቨርጂል፦ በቃ! ጉዳዩ እዚያ ላይ ተዘጋ።

[የመስከረም ቅዳሜ ነው፤ አሜሪካ፣ ኔብራስካ። ከተኩስ ክለቡ የአፈር ክምር ጀርባ፣ ሽጉጥ እንዲነካካ የተፈቀደበት ጠረጴዛ ፊት፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማረው ጡረተኛ ቨርጂል ሆራቼክ ቆሟል። ባዶ ቀለህ በባሩድ እየሞላ ጥይቱን የሚሠራው ራሱ፣ ጋራዡ ውስጥ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ የፈለገ ይፍታ፤ ጥይት የነካ ግን ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ስለዚህ የአርባ ዓመት ወዳጁ፣ በቆሎ ገበሬው ዱዌን ራስሙሰን፣ ቨርጂል ያመጣውን ቀይ የጥይት ሣጥን ታቅፎ ዐሥራ ሁለት እርምጃ ርቆ ይጮኻል። ከአምስቱ ዙር አራቱ አልቋል። ለትልቁ ውድድር ወደ ግራንድ አይላንድ ከሚሄደው የክለቡ ቡድን የቀረው አንድ ቦታ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያ ቦታ የቨርጂል ነበር፤ ዛሬ ግን ሽጉጡ ሳይተኩስ ሰባት ጊዜ ቀጭ ብሎበት ዱዌን በሦስት ነጥብ ይመራዋል።]

ዱዌን፦ መምህር፣ ስለዚህ ቀይ ሣጥን አንድ ነገር…

ቨርጂል፦ ቆይ! እያሰብኩ ነው። ሰው ሲያስብ አይተህ አታውቅም?

ዱዌን፦ አንተን ነው የማየው። ሲያስቡ እንዲህ ፊት ይቀላል እንዴ?

ቨርጂል፦ አየሩ ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ ነበር። ብርድ ባሩዱን አደንዝዞታል።

ዱዌን፦ የእኔንስ ለምን አላደነዘዘው? የእኔም የተሞላው ያንተው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ቨርጂል፦ ያንተ ሽጉጥ ሽጉጥ ነው? እሱ እኮ ድንጋይ ብታጎርሰውም ይተኩሳል።

ዱዌን፦ ካንተ ጋር አንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ነው የገዛነው።

ቨርጂል፦ እኔ የእኔን አሻሻልኩት! አንተ የገዛኸውን እንደገዛኸው ተሸክመህ ትዞራለህ። ሚስትህ የሠራችው ቺሊ ወጥ ላይ እንኳ በርበሬ አትጨምርም።

ዱዌን፦ ደህና አድርጋ ስለምትሠራው ነዋ።

[ቨርጂል ባዶውን ሽጉጥ ወደ አፈሩ አነጣጥሮ ምላጩን ይስባል። ቀጭ ይላል። ይህች ትንሽ ድምፅ፣ ለሌላው ሰው ምንም ያልሆነች፣ ለእርሱ ከተማሪ ሳቅ የባሰች ናት።]

ቨርጂል፦ አገኘሁት! የካፕሱል ፋብሪካው ነው! ያቺን ከቀለሁ ቂጥ የምትሰካዋን እሳት ጫሪ ዘንድሮ ብረቷን አጠንክረውታል። የእኔ መርፌ ጨዋ ነው፤ በስሱ ነው የሚመታው። ያንተ ግን እንደ በቅሎ ይራገጣል።

ዱዌን፦ መምህር፣ ሦስተኛው ዙር ላይ የከሸፉትን ለቅሜ ሰጥቼህ፣ አራተኛው ላይ ካዝና ውስጥ መልሰህ ከተትካቸው አይደል?

ቨርጂል፦ አዎ፣ ቢቸግረኝ።

ዱዌን፦ ሁሉም ተኮሱ እኮ።

ቨርጂል፦ እና?

ዱዌን፦ ጠንካራ ከሆኑ ለሁለተኛው ምት ምን አለሰለሳቸው? እኔ እንኳ ገበሬ ነኝ… አጥር ስተክል፣ ያልጠበቀ ካስማ በመዶሻ ስትለው መጀመሪያ ዝቅ ነው የሚለው። ምቱን ይውጠዋል። ከረገጠ በኋላ ነው «ጓ!» የሚለው። እነዚህም ምናልባት እስከ ታች ካልገቡ…

ቨርጂል፦ [እጁን አጣጥፎ] ፕሮፌሰር ራስሙሰን! ይቅርታ አድርግልኝ፣ ማስታወሻ ደብተሬን አልያዝኩም። ለካ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊዚክስ ያስተማርኩት ካስማ ሳልተክል ነው!

ዱዌን፦ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ እኮ ነው።

ቨርጂል፦ እሱን ብቻ ነው ዛሬ ልክ የተናገርከው።

ዱዌን፦ እሺ፣ ከድንኳኑ አንድ ፓኬት የሱቅ ጥይት ላምጣልህ? እሱ ከተኮሰ ሽጉጡ ደህና ነው፣ ካልተኮሰ…

ቨርጂል፦ የሱቅ ጥይት! እኔ! የክለቡ የጥይት አሞላል ኮርስ መምህር! ሰው ምን ይላል? እኔ እኮ ነኝ አንተን ሦስት ጊዜ ያስተማርኩህ።

ዱዌን፦ ሁለቴ ስለወደቅኩ ነው።

ቨርጂል፦ ሦስተኛውንም ያሳለፍኩህ ስላዘንኩልህ ነው!

[ከድምፅ ማጉያው፦ «ራስሙሰን ይዘጋጅ። ከእሱ ቀጥሎ ሆራቼክ።» ቨርጂልን ላብ አጠመቀው። ሰው ጥፋቱን ከራሱ ለማራቅ ሲቸኩል ሁልጊዜ የሚያገኘው የሌላ ሰው ስም ነው።]

ቨርጂል፦ ኖርማ! አዎ፣ ኖርማ ናት! የክለቡ ጠመንጃ ሠሪ ተብዬዋ! መርፌውን የሚገፋውን ሞላ ለስላሳ አድርጊልኝ አልኳት እንጂ የአልጋ ሞላ ክተቺልኝ አልኳት?

ዱዌን፦ «መርፌው ጉልበት ያጣል፣ አንድ ካፕሱል እንኳ ብቅ ካለችብህ ትከሽፍብሃለች» ብላህ ነበር። አጠገብህ ቆሜ ነበር።

ቨርጂል፦ እሷ እኔን ልትመክር! ይኸው! [ሽጉጡን ይፈታል፤ ትንሿን ሞላ መዝዞ ያወጣል] ይኸው የኖርማ ጥበብ! [ወደ ረጅሙ ሣር ይወረውራታል] ጥፋቱ ወጣ። አሁን የድሮውን ጠንካራ ሞላ ከመኪናዬ አምጣልኝ። ሩጥ!

ዱዌን፦ የድሮውን?

ቨርጂል፦ ከሽጉጡ ጋር የመጣውን!

ዱዌን፦ እሱንማ በግንቦት ለእኔ ሰጠኸኝ። «ጠንካራ ሞላ የገበሬ ነው፣ እንካ» ብለህ።

ቨርጂል፦ የት አለ?

ዱዌን፦ [ወገቡ ላይ የታጠቀውን ሽጉጥ መታ መታ ያደርጋል] የእኔ ደክሞ ነበር። ቀየርኩት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ድንጋይ ቢጎርስም ይተኩሳል።

[ከወዲያ ማዶ ሰው ይተኩሳል፤ አንዷም አልከሸፈችበትም።]

ቨርጂል፦ ሌባ።

ዱዌን፦ ኧረ አንተው ነህ የሰጠኸኝ!

ቨርጂል፦ የሞላውን አላልኩም! እስካሁን ዝም ያልኩህ ስለማፍርልህ ነው። ሐሙስ ማታ ጋራዤ ውስጥ ያላየሁህ መሰለህ? እኔ የመሙያውን እጀታ ስስብ አንተ እያንዳንዷን ጥይት በጣትህ እየዳሰስክ፣ ምርጥ ምርጧን ለይተህ ቀዩ ሣጥን ውስጥ! ከዚያ በጨርቅ ሸፍነህ መደርደሪያው ሥር! አርባ ዓመት ወዳጅነት! እኔም ጠዋት የእኔን አረንጓዴ ሣጥን እዚያው ትቼ ቀዩን ጫንኩ። ልብህ እንዲያውቀው ብዬ ነው!

ዱዌን፦ ምርጦቹን…

ቨርጂል፦ ምርጦቹን!

ዱዌን፦ [ሣጥኑን እያየ፣ ቀስ ብሎ] መምህር፣ የኮርስህ የመጀመሪያው ትምህርት እንዴት ነበር የሚለው? በሦስቱም ጊዜ ፈተና ላይ እሱ ነው የመጣብኝ።

ቨርጂል፦ አሁን የትምህርት ሰዓት ነው?

ዱዌን፦ ብቻ በለው። አንተ ስትለው ያምራል።

ቨርጂል፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልማድ ስለሆነበት ድምፁን ከፍ አድርጎ] «የተሞላች ጥይት ሁሉ ሣጥን ከመግባቷ በፊት ቂጧ በጣት ይዳሰስ። ካፕሱሏ ከቀለሁ እኩል ካልሆነች፣ ጥፍር እንኳ የሚይዛት ያህል ብቅ ካለች፣ ለውድድር አትወሰድም። ለብቻ ተለይታ…»

ዱዌን፦ የት ነው የምትቀመጠው?

ቨርጂል፦ «…ቀይ ሣጥን ውስጥ…»

ዱዌን፦ ተሸፍና።

ቨርጂል፦ «…ተሸፍና፣ ሰው በስሕተት እንዳያነሳት።»

[ቨርጂል ዱዌን የታቀፈውን ቀይ ሣጥን ያያል።]

ዱዌን፦ ሐሙስ ዕለት ብዙ ነበሩ። ስለ ኖርማ ስታወራ ነበር፤ እሷን በተናደድክባት ቁጥር እጀታውን ግማሽ መንገድ ላይ ትመልሰዋለህ። ካፕሱሏም ግማሽ መንገድ ትቀራለች። «ባለ ኖርማዎቹ» ብዬ ነበር በልቤ የምጠራቸው። ሰባ ሁለት ናቸው።

ቨርጂል፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ለምን አልነገርከኝም?

ዱዌን፦ ጠዋት መኪናህ ላይ ስትጭነው አየሁህ። «የፊዚክስ መምህር ነው፣ እኔ የማላውቀው ነገር ይኖረዋል» ብዬ ዝም አልኩ። ከከሸፈብህ ወዲህ ደግሞ በየዙሩ አፌን ከፈትኩ፤ በየዙሩ ዘጋኸው።

ቨርጂል፦ አረንጓዴው ሣጥኔ… ጋራዥ ቀርቷል።

ዱዌን፦ አልቀረም። ረስተኸው መስሎኝ ይዤልህ መጥቻለሁ። መኪናዬ ወንበር ላይ ነው፣ ሁሉንም ዳስሻቸዋለሁ።

ቨርጂል፦ [ፊቱ በርቶ] ዱዌን! ወንድሜ! ታዲያ ምን ቀረ? ጥይት አለኝ፣ ሽጉጥ አለኝ…

ዱዌን፦ ሞላ የለህም።

[ቨርጂል ወደ ረጅሙ ሣር ዞሮ ያያል። ሣሩ በነፋስ ይወዛወዛል፤ ምን እንደዋጠ አይናገርም። በጉልበቱ ይንበረከካል። ከድምፅ ማጉያው፦ «ራስሙሰን፣ ተራህ ነው!»]

ቨርጂል፦ [ሣሩን እየዳበሰ] ኖርማን ጥራልኝ! ለስላሳ ትሁን፣ ጠንካራ ትሁን፣ አንድ ሞላ ትስጠኝ! እባክህ ደህና አድርገህ ለምንልኝ!

ዱዌን፦ እነግራታለሁ። ግን ከምሳው ቺሊ ጋር የቀረፋ ዳቦ እያደለች ናት፤ ሰልፉ ረጅም ነው። አንተ ፈልግ። [ሁለት እርምጃ ሄዶ ይመለሳል] በጣትህ ዳስሰው መምህር፣ በጣት ይገኛል።

ቨርጂል፦ ታሾፍብኛለህ?

ዱዌን፦ ምን በወጣኝ! ኮርስህ ጥሩ ነው እኮ፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወስጄዋለሁ። ለክረምቱ ፊት ለፊት ወንበር እይዝልሃለሁ፤ አንተም አንድ ጊዜ ውሰደው።