እስከዚያች ግራር ድረስ ብቻ

በየከተማው፣ በየሰፈሩ፣ እንግዳ ሲሄድ ከደጅ መመለስ የማይሆንለት አንድ ሰው አለ። እናንተም ታውቁታላችሁ። «በቃ ይመለሱ» ስትሉት «ግድ የለም፣ እስከ መታጠፊያው» ይላል። መታጠፊያው ላይ ስትደርሱ ወሬው ገና መሃሉ ነው። ቦርሳችሁን ነጥቆ ተሸክሟል፤ እናንተ ባዶ እጃችሁን ከኋላ ከኋላው ስትሉ ሸኚው ማን፣ ተሸኚው ማን እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው ግራ ይሆናል። ብዙ ሰፈር እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስታውሰው ከሞተ በኋላ ነው። መተማ ዮሐንስ ግን ዕድለኛ ናትና የእሷ ሰው አለ፤ ያውም በሙሉ ጤንነት።

ክቡር አቶ ቢሻው ይባላሉ። የሽኝት ጉዳዮች ባለሙሉ ሥልጣን ናቸው። ማን እንደሾማቸው አይታወቅም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። በጉልምስናቸው አብደራፊ ላይ ትራክተር ሲነዱ ኖረው፣ አሁን በከተማው መውጫ፣ ከኬላው አጠገብ ያለ የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃሉ። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ከዓመት ዓመት ነጭ ጀላቢያ ይለብሳሉ። ስለዚህ ከሩቅ ይታያሉ። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

አባባላቸው አንድ ነው፦ «እስከዚያች ግራር ድረስ ብቻ።» ግራሯ ከኬላው ወዲያ መንገዱ ዳር ያለች ናት። እሷ ጋ ሲደረስ ደግሞ «በል እንግዲህ፣ ከዚህ እመለሳለሁ» ይላሉ። አይመለሱም። ከግራሯ ሲመለሱ ያየ ሰው ካለ መተማ ውስጥ አልተገኘም።

አንድ ጊዜ የጎረቤታቸውን የሀብትነሽን እህት ሊሸኙ አውቶቡስ ውስጥ ገቡ። ሻንጣዋን ሰቀሉ፣ ወንበሯን አራገፉ፣ ከጎኗ የተቀመጠውን ሰውዬ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ መርምረው ሳይጨርሱ መኪናው ተነሣ። ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ነው የወረዱት። እዚያም ቢሆን ቀኑን በከንቱ አላሳለፉም፤ የመመለሻ መኪና እስኪያገኙ የማያውቋቸውን ሰዎች ወደ ጎንደር ሲሸኙ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ የመተማ ረዳቶች በር ከመዝጋታቸው በፊት «ጋሽ ቢሻው ወርደዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ተሳፋሪው በአንድ ድምፅ «ወርደዋል!» ሲል ነው ሾፌሩ ማርሽ የሚያስገባው።

አጨዳው አልቆ ሳሉጉ፣ ማለትም ከጎጃምና ከወሎ ለቀን ሥራ የወረደው ወጣት ሁሉ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አገሩ ሲመለስማ ሥራ ይበዛባቸዋል። አንዱንም አያውቁትም። ቢሆንም ከመኪናው ጎን እየተራመዱ የያንዳንዱን ቀዬ ይጠይቃሉ፤ «እናትህን ሰላም በልልኝ» ይላሉ። አንዱ የደጀን ልጅ እናቱን በርግጥ የሚያውቋት መስሎት ከመኪናው ሊወርድ ምንም አልቀረው። ሀብትነሽም ብትሆን፣ ሻይ ቤቷ ከመጋዘኑ ጎን ነውና፣ ወፍጮ ቤት ስትሄድ በጓሮ አጥር ሾልካ ነው። ከባሏ ተደብቃ የማታውቅ ሴት ከጋሽ ቢሻው መደበቅ የግድ ሆነባት። እህሏን አስፈጭታ ስትመለስ እንኳ ካዩዋት እስከ ቤቷ ይሸኟታል።

እንግዲህ ረቢዓ የወደቀችው በእኚህ ሰው እጅ ነው።

ረቢዓ የሱዳኗ ከተማ የወድ መደኒ ልጅ ናት። እናቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎንደሬ ስለነበረች አማርኛ ትችላለች፤ ስትናደድ ብቻ ዐረብኛው ይቀድማታል። ጦርነቱ ከቤቷ ሲያስወጣት በገዳሪፍ አድርጋ፣ ድንበሩ ላይ ያለችውን ገላባትን በእግሯ ተሻግራ መጣችና ሀብትነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች። ሰው ከቤቱ ሲሸሽ ወርቅ ይይዛል፣ ልብስ ይይዛል። እሷ የያዘችው ስልኳንና ስልኩ የሚቆምበትን ባለሦስት እግር ማቆሚያ ነበር።

ያለ ምክንያት አይደለም። አገሯ ሳለች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አጫጭር ፊልም ይሠሩ ነበር። ደራሲውም፣ ተዋናዩም፣ ተመልካቹም ራሳቸው ናቸው። ዛሬ አንዱ ካይሮ፣ አንዷ ካምፓላ ነው ያሉት። ከመበታተናቸው በፊት ያልጨረሱትን ለመጨረስ በስልክ ተማከሩና አንድ ፊልም ለሦስት ተካፈሉ፤ እያንዳንዱ ባለበት አገር የድርሻውን ያነሣል፣ ካይሮ ያለው ይቀጣጥለዋል። የሁለቱ ደርሷል። የረቢዓም ድርሻ ቢሆን መጨረሻዋ ትዕይንት ብቻ ናት የቀረችው። አንዲት ሴት የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ቶብ ለብሳ፣ ቦርሳ ይዛ፣ በባዶ መንገድ ብቻዋን ትሄዳለች። ትርቃለች። ትጠፋለች። ሌላ ነፍስ ያለው ነገር እንዳይታይ ብሎ የካይሮው ደጋግሞ አሳስቧታል።

ጊዜ ደግሞ አልነበራትም። ልትሄድበት ያሰበችው የጎንደር መንገድ ተዘግቶ ከርሞ አንድ ቀን፣ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ይወጣል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ሌላው ትዕይንት ሁሉ የተነሣው መተማ ነውና ፊልሙ በዚያች ቀን ካላለቀ አያልቅም። ወደ ጠረፉ በኩል ወታደሮቹ ሰው ስልክ ሲያወጣ አይወዱም። የተፈቀደላት ከኬላው ወዲያ ያለው መንገድ ነበር፤ መጋዘኑና ግራሯ ያሉበት።

ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኑ ደጃፍ ስልኩን ማቆሚያው ላይ አድርጋ፣ የመቅጃ ቁልፉን ነክታ፣ ቢጫ ቶቧን ሰብስባ መሄድ ጀመረች። ግራሯ ጋ ሳትደርስ ከኋላዋ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማች። ጋሽ ቢሻው መጋዘኑን ቆልፈው እየገሰገሱ ነበር። ሳትሰናበት መሄዷ ቅር እንዳላቸው ነግረው፣ «እስከዚያች ግራር ድረስ ብቻ» አሉና ቦርሳዋን ተቀበሏት። ቦርሳው የፊልም ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው። መዘን ሲያደርጉት ቀለላቸውና ደግሞ ለዚያም አዘኑ።

ረቢዓ ፊልም መሆኑን አስረዳቻቸው። በሚገባ ገባቸው። ብቻዋን ነው መታየት ያለባት፤ እሳቸው ደግሞ አብረዋት አይሄዱም። ስለዚህ በሁለተኛው ቀረጻ ራቅ ብለው ከኋላ ተከተሏት። ስትመለስ ስልኩን ከፍታ ብታይ፣ ቢጫ ቶብ የለበሰች ሴት ትሄዳለች፣ ጀላቢያ የለበሰ ረጅም ሰው ይከተላታል፤ ስትፈጥን ይፈጥናል። የሐዘን ፊልሙ የሌባ ፊልም ሆኖ አረፈው።

በሦስተኛው መንገዱን ፈጽሞ ለቀው በማሳው ውስጥ ጎን ለጎን ሄዱ። ሰሊጡ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን ነው፤ ጀላቢያው ያበራል። ወቀሳ ሲደርስባቸው እግራቸው መንገዱን እንዳልረገጠ ማሉ፤ እውነታቸውን ነው። በአራተኛው ከመጋዘኑ ደጃፍ ንቅንቅ ላይሉ ቃል ገቡ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። ረቢዓ ሄደች፣ ግራሯን አለፈች፣ ልትጠፋ ስትል ግን ከስልኩ አጠገብ የተቀመጡት ባለሙሉ ሥልጣን ልባቸው አልችል አለ። «በሰላም ግቢ! ስትደርሺ ደውዪ!» የሚለው ድምፃቸው ከወፉም ከነፋሱም ጠርቶ ተቀዳ።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ረቢዓ ተመለሰችና ፊታቸው ቆመች። በዐረብኛ ጀምራ ተወችው፤ እንዲገባቸው ፈለገች።

«ጋሼ፣ እኔ ከቤቴ ስወጣ ማንም አልሸኘኝም» አለች። «ጎረቤቱ ሁሉ ሸሽቷል። በሩን እንኳ ከኋላዬ የሚዘጋልኝ ሰው አልነበረም። ፊልሙ ይሄው ነው፤ የሌለውን ሰው ከየት ላምጣ? ይተዉኝ። ዛሬም ነገም እንዳይሸኙኝ።»

ጋሽ ቢሻው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። «እሺ ልጄ» ብለው መጋዘኑ ውስጥ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።

አምስተኛው እንደተፈለገው ሆነ። መንገዱ ባዶ ነው፤ ቢጫዋ እያነሰች እያነሰች ሄዳ ጠፋች። ረቢዓ ላከችው። ኔትወርኩ ሲያንቀላፋ ቆይቶ ደረሰና ከካይሮ አንዲት ቃል ተመለሰች፦ «ኸላስ!» አለቀ ማለት ነው። ድሮ ፊልም ሲያልቅ ሦስቱም በአንድ ላይ ኸላስ ብለው ይጮኹና ሲያጨበጭቡ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮህባቸው ነበር። እሷም መንገዱ መሃል ቆማ «ኸላስ» አለች፣ ጮክ ብላ። ማንም አላጨበጨበም። ወድ መደኒን ስትለቅ እንዲህ አልሆነችም፤ ያኔ ፍርሃቱ ጊዜ አልሰጣትም። አሁን ብቸኝነቱ ሙሉ ለሙሉ ደረሰባት፤ የማቆሚያውን እግሮች ስታጥፍ እንባዋ እያስቸገራት ቆየች።

ማምሻውን ሀብትነሽ ሻይ እየቀዳች ነገረቻት። ጋሽ ቢሻው ወንድዬ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ገላባትን ተሻግሮ የሄደ ቀን እሳቸው አብደራፊ ላይ መሬት እያረሱ ነበር። ሲመለሱ ቤቱን ባዶ አገኙት፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። መተማ ውስጥ ሳይሸኙት የሄደ ሰው እሱ ብቻ ነው አለች ሀብትነሽ። ይህን ብላ ስኳሩን ወደ ረቢዓ ገፋ አደረገችላት።

በማግስቱ ረቢዓ ይቅርታ ልትጠይቅ ማልዳ ሄደች። መጋዘኑ ከውጭ ተቆልፏል። ጠበቀች፤ አልመጡም። ሀብትነሽ በመንገድ የምትበላውን ቋጥራላት ሻንጣዋን እስከ መነኻሪያ አደረሰችላት፣ ስማት ተመለሰች። ሻይ ቤቱ የሚጠብቀው ሰው የለውም።

አውቶቡሱ ሞላ። ረዳቱ በሩን ይዞ እንደ ልማዱ «ጋሽ ቢሻው ወርደዋል?» አለ። ተሳፋሪው እርስ በርስ ተያየ። ከኋላ አንዲት ሴት ዛሬ ጨርሶ እንዳልመጡ ተናገረች። ረዳቱ ግን አላመነም፤ ጎንበስ ብሎ ከወንበሮቹ ሥር ሁሉ አይቶ ነው በሩን የዘጋው። ሰው ሳቀ። ረቢዓ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ራሷ አትሸኙኝ ብላለችና በማን ትፈርዳለች።

ኬላው ላይ መታወቂያ ታይቶ መኪናው ገና መንቀሳቀስ ሲጀምር አየቻቸው። ግራሯ ሥር ቆመዋል። ቆመዋል እንጂ ፊታቸው ወደ መንገዱ አይደለም፤ ጀርባቸውን ለአውቶቡሱ ሰጥተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ የታጨደውን ማሳ ያያሉ። ሾፌሩ ሳያቸው ፍሬን ያዘ። በመተማ ሾፌር ዘንድ ከጋሽ ቢሻው ጎን ሳይቆሙ ማለፍ ነውር ነው። ተሳፋሪው ምን ነክቷቸው ነው አለ። ረቢዓ ግን ወዲያው ገባት፤ ቃላቸውን እየጠበቁ ነበር።

መስኮቱን ከፈተች። ስልኳን መቼ እንዳወጣች፣ መቼ ቁልፉን እንደነካች አታውቅም፤ የእጅ ልማድ ነው።

«ጋሽ ቢሻው» አለች።

«እየሸኘሁ አይደለም» አሉ፣ ለማሳው።

«ዞር ይበሉ፣ ጋሼ።»

ሳይዞሩ ጠየቋት።

«ካሜራው ጠፍቷል?»

ቀዩዋ ነጥብ ስልኩ ላይ ትበራለች። ረቢዓ ውሸት አይሆንላትም ነበር።

«ጠፍቷል» አለች።

ዞሩ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። የተጣመሩት እጆቻቸው ሲፈቱ አንድ ፌስታል ሙሉ ብርቱካን ይዘው ነበርና በመስኮቱ አቀበሏት። «ስትደርሺ ደውዪ» አሉ፣ በዝግታ። እደውላለሁ አለቻቸው። መኪናው ሲነሣ እጃቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው አብረው መራመድ ጀመሩ። ግራሯ ከኋላ ቀረች። ከዚህ እመለሳለሁ ይላሉ፣ ይራመዳሉ። መኪናው ሲፈጥን እጃቸው ከመስኮቱ ለቀቀ። መንገዱ መሃል ቆመው ሁለት እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ረቢዓ በመስኮቱ ብቅ ብላ ስልኩን ሳታነቃንቅ ያዘች። መንገዱ ባዶ ነው፤ ከእሳቸው በቀር ነፍስ ያለው ነገር የለም። ጀላቢያው እያነሰ እያነሰ ሄደ፣ አቧራው ውስጥ ገባ፣ ጠፋ።

ለካይሮው ጓደኛዋ ላከችለት። ከሥሩ «አላለቀም ነበር፤ መጨረሻው ይሄ ነው» ብላ ጻፈች።

እስካሁን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ለጋሽ ቢሻው እጁን ሲያወዛውዝ የቆየው ረዳት ገባና በሩን ዘጋው። አፉ ለምዶበት «ጋሽ ቢሻው ወርደዋል?» ሲል ተጣራ።

ተሳፋሪው ሳይመልስ ረቢዓ ቀደመች።

«አልወረዱም» አለች፣ ስልኳን ደረቷ ላይ ይዛ።

አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ጎንበስ ብሎ ከወንበሮቹ ሥር ይፈልጋቸው ጀመር።